ወጥቶ አደር፦ ወታደርነት ለላስታ ወጣት ሙያ ሊሆነው ይችላልን?

በአገራችን አንድ ወጣት ትምህርቱን ፈጽሞ በወጣ ጊዜ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «እንግዲህ ይህ ልጅ ምን ሊሆን ነው?» እያለ መምከሩ የቆየ ልማድ ነው። ሐኪምነት ይነሣል፤ መሐንዲስነት ይነሣል፤ የባንክ ሥራና ንግድም ይነሣል። ወታደርነት ግን የሚጠራው ሌላው ሁሉ ተቈጥሮ ካለቀ በኋላ፣ ያውም ድምፅን ዝቅ አድርጎ ነው። በተለይም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚገኘው ተማሪ ወታደርነትን ፈተና የጣለው ሰው መጠጊያ አድርጎ ይመለከተዋል። ይህ አስተያየት ከየት እንደ መጣ፣ ምን ያህልስ እውነት እንዳለው ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመረምር አስበናል።

ሽማግሌዎች «ወታደር» የሚለውን ቃል ሲፈቱ «ወጥቶ አደር» ማለት ነው ይላሉ። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን አፈታት ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም ነገሩን በአጭሩ ይገልጸዋል፤ ሌላው ሰው በቤቱ እንዲያድር ራሱ ከቤቱ ወጥቶ የሚያድር ሰው ማለት ነውና። እንግዲያውስ ጥያቄው ወታደርነት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። ማን ይውጣ? ምን ዐውቆ ይውጣ? ሲመለስስ ምን ይዞ ይመለሳል? የሚል ነው።

ነገሩን አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠን ብንነጋገርበት ከቡና ወሬ አያልፍም። ስለዚህ ወደ ላስታ ወስደነዋል። ላስታ የወታደር አገር መሆኑ በታሪክ የታወቀ ከመሆኑም በላይ፣ ዛሬ የወጣቱ እንጀራ የጠበበበት፣ ጦርነትም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደጋግሞ ደጃፉን የረገጠበት አገር ነውና እዚያ ጥያቄው ለጨዋታ ያህል አይነሣም።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ስትሆን፣ ከበላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ይዘልቃል። ዙሪያው ገደልና አምባ ነው። መሬቱ ከዛጉዌ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ሲታረስ የኖረ፣ ጎርፍም አፈሩን እያጠበ ወደ ተከዜ ሲያወርደው የኖረ ነው። ከአንድ ሄክታር ባነሰ ማሳ ላይ ገብሱንና ስንዴውን የሚዘራ ገበሬ አራት ልጆች ቢወልድ ለአራቱ የሚያወርሰው መሬት የለውም። ስለዚህም የላስታ ልጅ ከጥንት ጀምሮ ከሦስት በሮች በአንዱ ይወጣ ነበር፤ በቤተ ክህነት ትምህርት፣ በንግድና በጉልበት ሥራ፣ ወይም በወታደርነት።

ባለፉት አሥርተ ዓመታት አራተኛ በር ተከፍቶለት ነበር። 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው እንግዳ የላሊበላን ወጣት አስጎብኚ፣ የሆቴል ሠራተኛ፣ ሾፌርና በቅሎ አከራይ አደረገው። ይህም በር በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ገርበብ አለ። በ2013 ጦርነቱ ወደ ከተማይቱ ሲገባ ጭራሹን ተዘጋ። ሊከፈት ሲጀምር ደግሞ በ2015 ሌላ ግጭት ተነሣ።

ከነዚህ በር ከተዘጋባቸው ወጣቶች አንዱን በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ዳር አግኝተነው ነበር። ዕድሜው 24 ዓመት ነው፤ እንግሊዝኛና ጥቂት ጣሊያንኛ ይናገራል፤ የአስጎብኚነት መታወቂያውን አሁንም በኪሱ ይዞ ይዞራል። «ልመዘገብ አስቤአለሁ» አለን። ምክንያቱን ብንጠይቀው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ «ደመወዙ በየወሩ ይመጣላ!» ብሎ ሳቀ። አጠገቡ የቆሙት የእናቱ ወንድም፣ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ፣ አልሳቁም። «ልጄ፣ ደመወዝማ ለሚመለስ ሰው ነው» አሉት።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የመጀመሪያው ምክንያት እንግዲህ እንጀራ ነው፤ በዚህም ማንም ሊያፍርበት አይገባም። አንድ ምልምል ማሠልጠኛ ከገባበት ቀን ጀምሮ ቀለቡ፣ ልብሱና ሕክምናው ከመንግሥት ነው። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ቁርጥ ያለ ነው፤ ዝናብ ቀረ ተብሎ አይቀርም። የአገልግሎት ዘመኑን ለፈጸመ ጡረታ አለው። በ1965ና በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎ ላይ የደረሰውን የሚያስታውስ ሰው ቁርጥ ያለ እንጀራን እንደ ቀላል ነገር አይቈጥረውም።

ነገር ግን እንጀራ ሰውን ወደ ሥራው በር ያደርሰዋል እንጂ በሥራው ውስጥ አያጸናውም። ሥራውን የማይወድ ሰው ባንክ ቤት ቢቀመጥ ጉዳቱ የወረፋው መርዘም ነው። ሥራውን ያላወቀና ያልፈቀደ ሰው በምሽግ ውስጥ ቢገኝ ግን የሚጎዳው ከጎኑ ያለው ጓደኛው ነው። ስለዚህ ለደመወዙ ሲል ብቻ የሚመዘገበውን ወጣት «ቆይ፣ ሌላም ጠይቅ» እንለዋለን።

ሌላው የሚጠየቀው ነገር ዕውቀት ነው። ብዙ ሰው ወታደርነትን ተኩስና ሰልፍ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ይህ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ከላስታ ተራራዎች የተሻለ አስተማሪ አናገኝም። በ1860 ዓ.ም. ሁለት ጦሮች ከሁለት አቅጣጫ ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር፤ አንዱ በላስታ ደጋ፣ ሌላው በጎረቤቱ በወድላ በኩል።

በወድላ በኩል የሚጓዘው የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ነው። ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እየጎተተ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ስድስት ወር ያህል ተጓዘ። መድፉን የሚያሳልፍ መንገድ ቀድሞ ስላልነበረ ወታደሩ ዓለቱን እየፈለጠ፣ ገደሉን እየደለደለ፣ ጠፍሩን በመቶ ትከሻ እየሳበ የበሽሎን ሸለቆ አሻገረው። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በጊዜው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ያን መንገድ በኋላ ያዩት የእንግሊዝ መኰንኖች አደነቁት። መድፉ በጦርነቱ ላይ የሠራው ሥራ አልነበረም፤ መንገዱ ግን ሥራ ነበር።

በላስታ በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር ነው። 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ የባሕር ዳር ተነሣ፤ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አልፎ የላስታን ተራራዎች እያቋረጠ መጣ። ዝሆኖቹ መድፍ ተሸክመው ነበር። አዛዡ ጄኔራል ናፒየር በሙያው መሐንዲስ ነበረ። የላስታ ገበሬ ዝሆኑን አይቶ ተገርሞ ይሆናል። እኛን የሚገርመን ግን ከዝሆኑ በስተጀርባ ያለው ነው። ይህ እንስሳ በቀን ስንት ይበላል? ውኃው ከየትኛው ሰፈር ይገኛል? እህሉ ከማን በምን ዋጋ ይገዛል? በቅሎው ሲሞት ሌላው ከየት ይተካል? ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ያሰሉ ሰዎች ከጦሩ ጋር ነበሩ። ከባሕሩ ዳር ባቡር መንገድ እስከ መዘርጋት ደርሰው ነበር። ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ በጦር ውስጥ ቦታ የለኝም ብሎ የሚያስብ ከሆነ ይህን ይመልከት።

የላስታ ሰዎች ከዚህ ትምህርት የከፈሉት ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የከበደ ነበር። የዚያን ጊዜው የላስታና የዋግ ጌታ ዋግሹም ጎበዜ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ የሰቀሉባቸው ሰው ናቸው። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ደግሞ የገዛ ባለቤታቸውን የወይዘሮ ድንቅነሽን ወንድም፣ ደጃዝማች ካሣ ምርጫን ሊወጉ ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ቍጥር 60,000 ለ12,000 ነው። ብዙው ጦር የተክለ ጊዮርጊስ ነበር። ይሁን እንጂ ካሣ እንግሊዞች ሲወጡ የሰጧቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው፤ ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን በዘመናዊ ሥርዓት አሠልጥኖላቸው ነበር። ብዙው በጥቂቱ ተሸነፈ። የላስታው ንጉሥ ተማረኩ፤ እንደ ታሰሩም አረፉ። ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ።

ያን ቀን የላስታ ሰው ጀግንነት ጐድሎት አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ዋግሹም ጓንጉል ሠራዊታቸውን ይዘው ከነራስ መኰንን ጋር ተሰልፈው ድል አድርገዋል። በመስከረም 1930 ዓ.ም. የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጣሊያን ላይ ተነሥተው አንገታቸው እስኪቈረጥ ድረስ ተዋግተዋል። በ1863 የጐደለው ሥልጠና ነበር። ጀግና ሰው ክተት ሲባል ማሳውን ጥሎ ይዘምታል፤ ሙያተኛ ወታደር ግን ክተት ሳይባል በሰላሙ ጊዜ የተማረ ነው። በዘማችና በወታደር መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ስለ ወታደርነት ሙያ የምንነጋገረውም ይህን ልዩነት ይዘን ነው።

የድሮው ወታደር ደመወዝ ስላልነበረው በገበሬው ቤት እየተሠራ፣ የገበሬውን ዶሮና ጠላ እየጠየቀ ይኖር እንደ ነበር አያቶቻችን ነግረውናል። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ከክፉው ቀን ማግሥት ዐሥራት እንዲከፈል ያዘዙት ይህን የወታደር ተሠሪነት ለማስቀረት ነበር። በገጠሩ ሰው ልብ ወታደር ለሚባል ሰው ያለው ፍርሃት ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን ከዚህ ይጀምር።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በጥር 1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት ተከፈተ። ከየትምህርት ቤቱ ተመርጠው የገቡት ልጆች ትምህርታቸውን ሊፈጽሙ ነበር የታሰበው፤ ጦርነቱ ግን አልጠበቃቸውም። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድል ከሆንን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ በሚያዝያ ወር ላሊበላ ገብተው ጸሎት አደረጉ። በዚያው ወር የሆለታ ልጆች ጠላትን ጣርማ በር ላይ እንዲያግዱ ታዝዘው ወጥተው ነበር። ገና ልጆች ናቸው፤ ትምህርታቸውም ከአንድ ዓመት ብዙ አላለፈም።

የነዚህ ልጆች ታሪክ ጣርማ በር ላይ አያበቃም። ብዙዎቹ ወደ ወለጋ ወርደው በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራውን የጥቁር አንበሳን ማኅበር ተቀላቀሉ። በሰኔ 1928 ነቀምት አጠገብ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጠሉ። ይህ ጀብዱ በየመጽሐፉ ተጽፏል። እኛ ግን ተማሪ እንዲያስተውለው የምንወደው ያወጡትን ደንብ ነው። በጫካ ውስጥ ሆነው፣ ንጉሥ በሌለበት፣ ደንብ ጻፉ። በደንቡም የጦር አዛዥ ከፖለቲካው አመራር በታች እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይሠቃይ አዘዙ። ማንም አላስገደዳቸውም። የተማሩ ስለ ነበሩ ጠመንጃ ያለ ደንብ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው አይተውታል ብለን እናምናለን። ከነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ተረሽነዋል።

ከነጻነት በኋላ ሙያው እየሰፋ ሄደ። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥሩ ውጤት ያላቸውን ልጆች እየመረጠ፣ ከሕንድ በመጡ መኰንኖች ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር። በዚያን ጊዜ እጩ መኰንን መሆን ለቤተ ሰብ ኩራት ነበር እንጂ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር አልነበረም። በሚያዝያ 1943 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሄደ፤ በየተራው የተላኩት ሲደመሩ ከ6,000 በላይ ነበሩ፤ ከ120 የማያንሱት በዚያ ወደቁ፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። በኋላም በኮንጎ፣ በሩዋንዳ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉርና በአብዬ የኢትዮጵያ ወታደር የሰላም አስከባሪ ሆኖ ቆሟል። ከደጋ መንደር ወጥቶ ሌላ ሕዝብና ሌላ ቋንቋ ማየት፣ ከሁሉም የአገራችን ማዕዘን ከመጣ ልጅ ጋር በአንድ ድንኳን ማደር ለአንድ ወጣት ትልቅ ትምህርት ነው። ይህ ሦስተኛው ምክንያት ነው፤ ብዙ ማስረጃ የሚያስፈልገውም አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ለሙያው የሚመሰክር ነበር። አሁን ደግሞ የሚመሰክርበትን እናምጣ።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደር አደመ። ነገሩ የጀመረው በውኃ ነው። የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ተበላሸ፤ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ምግቡም የማይበላ ነበር። ነገሩን እንዲመረምሩ የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ከዚህች ጕድጓድ የተነሣው ነገር በየጦር ሰፈሩ ተዛምቶ መስከረም 2 ቀን 1967 የንጉሡን ዙፋን ገለበጠ። መኰንኖቹ ያን ዕለት አንድ ባልዲ ውኃ ቢሰጡ ኖሮ ታሪክ ይለወጥ ነበር አንልም፤ ሌላ ብዙ ምክንያት ነበረና። ቢሆንም የወታደሩን ጥም የማይሰማው መኰንን በየትኛውም አካዳሚ ቢማር አልተማረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከዚህ የባሰ ነው። አገር ሊጠብቅ የተቀጠረ ጦር አገር ሊገዛ ተቀመጠ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በወታደሩ ዘንድ ይወደዱ የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም በቤታቸው ተከበው ሞቱ፤ በዚያው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሹማምንትና መኰንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የጥቁር አንበሳ ልጆች በጫካ የጻፉት ደንብ በከተማ ተረሳ። በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል ሲያዝ፣ ሕዝቡ «አፈሳ» የሚለውን ቃል ለሰው መጠቀም ጀመረ። እህል በእፍኝ እንደሚታፈስ ልጅ ከገበያና ከመንገድ ይታፈስ ነበር። በላስታ ደጋ አንዱ ወንድም ለመንግሥት ጦር ሲታፈስ ሌላው ከታጣቂዎቹ ጋር ጫካ የገባበት ቤት ጥቂት አይደለም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ሁሉ ጦር ፈረሰ። ከ400,000 በላይ ወታደር ከነዩኒፎርሙ ወደ መንገድ ወጣ። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እጁን የዘረጋ የትናንት ሃምሳ አለቃ በወቅቱ የነበረ ሁሉ አይቷል። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ዕጣ አልደረሰበትም። የጦር ሾፌሩ መኪና ነዳ፤ መካኒኩ ጋራዥ ገባ፤ ድሬሰሩ በየገጠሩ ክሊኒክ ተቀጠረ፤ ሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ከፈተ፤ አብራሪውም የሚያበረው አላጣም። ለመኖር የተቸገረው ከጠመንጃ በቀር በእጁ ሌላ ያልያዘው ነበር።

በእኛ አስተያየት አንድ ወጣት ሊይዘው የሚገባው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። መንግሥት ይለወጣል፤ ጦር ይፈርሳል፤ ማዕረግ ይገፈፋል፤ እጅ የተማረው ግን አይገፈፍም። ስለዚህ የሚመዘገብ ወጣት «ምን ያህል ይከፈለኛል?» ከማለቱ በፊት «ምን ታስተምሩኛላችሁ?» ይበል። በቢሾፍቱ የመከላከያ የምህንድስናና የጤና ኮሌጆች አሉ፤ አየር ኃይሉም መኖሪያው እዚያው ነው። መገናኛ፣ ስንቅና ትጥቅ፣ ካርታ ሥራ፣ የተሽከርካሪ ጥገና፣ ነርስነት ሁሉም በጦሩ ውስጥ የሚሠራባቸው፣ ከጦሩም ውጭ እንጀራ የሚሆኑ ሙያዎች ናቸው። ልጃገረዶቻችንም ይህን ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ ወታደርነት የወንድ ብቻ የነበረበት ዘመን አልፏል።

የዛሬውን ሁኔታ ሳናነሣ ብናልፍ አንባቢን መናቅ ይሆናል። ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ሦስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። መብራት፣ ባንክና ስልክ ጠፍቶ ሕዝቡ ለወራት ተቀመጠ። ከላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር የሚርቀው የጋሸና መገንጠያ የብዙ ወጣቶች መቃብር ሆነ። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ሰው ተነፈስኩ ባለ ማግሥት፣ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል በመከላከያ ሠራዊቱና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ላስታም ከዚህ እሳት አልተረፈችም።

እንግዲህ ከላሊበላ የሚመዘገብ ወጣት ጠላቱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንዳይመስለው። የትምህርት ቤት ጓደኛው በወዲያኛው ወገን ሊቆም ይችላል። የሚዘምትበት ገደል በልጅነቱ ፍየል የጠበቀበት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው «አልመዘገብም» ቢል ፈሪ ልንለው አይገባንም። ዐውቆ የሚመዘገበውንም ከሃዲ የሚለውን አንተባበርም። ሁለቱም የልጅ ልጅ ድረስ የሚጠየቁበትን ነገር እየወሰኑ ነውና።

ስለ መጠየቅ ካነሣን ዘንድ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲሠራ፣ ለሕገ መንግሥቱም ተገዢ እንዲሆን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉም በጦርነት ጊዜ በሰላማዊ ሰው ላይ የሚፈጸመውን ግፍ በከባድ ቅጣት ይቀጣል፤ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ትእዛዝ የፈጸመ ሰው «ታዝዤ ነው» ቢል ከኃላፊነት አያድነውም። ሕግ ከወረቀት ወርዶ ወደ ምሽግ የሚደርሰው ግን ያነበበው ሰው በምሽጉ ውስጥ ሲገኝ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ወታደርነት የእኔ አይደለም» ሲል ምሽጉን ላላነበበ ሰው ትቶ መሄዱን ልብ ይበል። በቤት ፍተሻ ጊዜ ደጃፍ ላይ የሚቆመው የመቶ መሪ ማን እንደ ሆነ የሚገባት፣ ልጇን ከጀርባዋ ደብቃ የምትከፍተው እናት ናት።

ለወጣት ሹማምንትም አንድ ቃል አለን። በየወረዳውና በየቀበሌው ምልመላ ሲባል ወረቀቱ የሚደርሰው እናንተ ዘንድ ነው። ቍጥር ለመሙላት ሲባል ዕድሜው 18 ያልሞላውን ልጅ መመዝገብ ሕግ መጣስ ነው፤ አገራችን ስለዚሁ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. ተቀብላለች። ወላጅ የሌለውን፣ ሥራ የፈታውን፣ ተከራካሪ የሌለውን መርጦ መላክም ሕግ ባይጣስበት እንኳ ነውር ነው። የአፈሳን ዘመን ያየች እናት ዛሬም በመንደሩ አለች። ልጇ በፈቃዱ እንደ ሄደ የምታምነው፣ ከመሄዱ በፊት የሚፈርመውን ወረቀት ተረጋግቶ ሲያነብና ሲጠይቅ ካየችው ብቻ ነው። ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ቢቈስል ማን እንደሚያሳክመው፣ ቢሞት ለቤተ ሰቡ ምን እንደሚደርስ በግልጽ ንገሩት። ይህን ሰምቶ ከተመለሰ ይመለስ፤ ጦሩም የጐዳው ነገር የለም።

ያን አስጎብኚ ወጣት በገበያው ዳር ይህንኑ ነገር አጫውተነው ነበር። ቋንቋ ማወቁ ለሰላም ማስከበር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጨረሱ ደግሞ ለትምህርቱ እንደሚጠቅመው ነገርነው፤ ላስታ ላይ ሊገጥመው የሚችለውንም አልሸሸግነውም። ብዙ ዝም አለ። መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ እያሻሸ መልሶ ከተተው። አጎቱ ግን በበትራቸው ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆይተው «እንዲያው ልጆቼ፣ ያ የሕክምናው ትምህርት ቤት ቢሾፍቱ ነው ያላችሁት? ፈተናው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። ቀኑን በቃል ስላልያዝነው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጠይቀን በስልክ ልንነግራቸው ተቀጣጥረን ተለያየን።